ከሰዓቱ ጎን ያለችው ቁጥር

ትኬት ቆራጯን ባልደረቦቿ «ካርታ» ይሏታል። ከአየር ማረፊያ አየር ማረፊያ ስንት ኪሎሜትር እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቋት፤ ከቃሏ ዝንፍ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስትሸኝ እሷ ግን አንድም ቀን አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም፤ ዕድል ሲጥል እንዲህ ነው።

ትኬት ስትሰጥ፣ ከመድረሻው ሰዓት ጎን ያለችውን ትንሽ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ትከብባለች። «እቺን ልብ ይበሉ አባባ። አንድ ካለች በማግስቱ፣ ሁለት ካለች ከዚያ በማግስቱ ነው የሚደርሱት። ዘመድ በከንቱ እንዳይጉላላ።»

ማክሰኞ ዕለት ሐኪሙ እናቷን አይቶ «ቀናት ናቸው የቀሯት» አላት። ታላቅ ወንድሟ አሥራ አራት ሺህ ኪሎሜትር ርቆ ነው የሚኖረው። «ዘንድሮ እመጣለሁ» እያለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀርቷል። ትኬቱን ራሷ ቆረጠችለት፤ ረቡዕ ማታ ይነሳል፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይደርሳል። ከስክሪኑ ላይ ሰዓቱን ብቻ አንብባ ወደ ቤት ሮጠች። ቀይ እስክሪብቶዋን አላነሳችም። የቸኮለች ጅብ ቀንድ ነከሰች ማለት ይሄ ነው።

«እማዬ፣ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ልጅሽ ይደርሳል።»

እናቲቱ ሁለት ቀን ሙሉ በዚያች ሰዓት ላይ ተንጠለጠለች። ሐሙስ ጠዋት ፀጉሯን አስበጠረች፤ በትራስ ተደግፋ በሩን ስታይ ዋለች። ካርታም አየር ማረፊያ ቆማ የመጨረሻው መንገደኛ ሲወጣ ስልኳን ከፍታ ትኬቱን አየች። ከሰዓቱ ጎን ሁለት ቁጥር ተቀምጣለች።

ቤት ገብታ አልጋው ሥር ተንበረከከች። «ነገ ነው እማዬ! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። በመንገድ ላይ ነው፣ አሁን አየር ላይ ነው።»

እናቷ እጇን ዳበሰቻት። «አንቺማ ሰዓት አትሳሳቺም ልጄ። እንዳይከፋኝ ብለሽ ነው።»

«እውነቴን ነው! በእናትነትሽ እመኚኝ!»

«ተይው፣ አትቆጪው። ድሮም አይመጣም ነበር» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቱ ማለች፣ ተገዘተች፣ ትኬቱን ከነስልኩ ዓይኗ ሥር አቀረበችላት። እናቷ ዳግም አልዞረችም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

አርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አውሮፕላኑ ደቂቃ ሳያዛንፍ አረፈ። ወንድሟ ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ። «እየጠበቀችኝ ነው?» አላት። «እስከ ትናንት» አለችው።

ወር ሳይሞላ ሥራ ገባች። አንድ ሽማግሌ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ልጄ፣ መቼ እደርሳለሁ? ለልጆቼ ልንገራቸው» አሏት። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችና ቀዩን እስክሪብቶ አቀበለቻቸው።

«እርስዎ ራስዎ ይዩት አባባ» አለች። «እኔ ሰዓት ለማንም አልናገርም።»