ከሥዕሉ ሥር ያለችው ሴት

ዜናውን የነገረችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ከአቃቂ ገበያ ሽንኩርት ይዤ ስመለስ፣ ደጃፍ ላይ ስልኳን እያየች ቆማ፣ «እማማ፣ ያቺ የጋሼ ህንዳዊት ሞተች እኮ!» አለችኝ።

የጋሼ አለች። ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ በፊልም ብቻ የሚያውቃት ጨፋሪ ግን በሰፈሩ አፍ እስከ ዛሬ የእሱ ናት። ነፍስ ይማር ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «እፎይ» ነው። ወዲያው ደንግጬ አማተብኩ።

ከላስታ ተድሬ እዚህ ስመጣ ዘመድ አልነበረኝም፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። እሱ ግን እሷም ነበረችው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ከሥራ ገብቶ የእጁን ግራሶ እያጠበ ታሪኳን ያወራልኛል። በአምስት ዓመቷ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቃጭል ታስሮላት ጭፈራ እንደጀመረች፣ አባቷ ሲሞት እናቷንና ታናናሾቿን በእግሮቿ እንዳስተዳደረች፣ ፊልም ሠሪዎቹ መጀመሪያ «አፍንጫሽ አያምርም» ብለው እንደመለሷት፣ በኋላ ያ ሁሉ ሕዝብ እሷን ለማየት እንደተጋፋ፣ ስታረጅም የድሃ ልጆችን በነፃ ጭፈራ እንዳስተማረች። ገድል የሚያነብ ነበር የሚመስለው።

«ከመጨፈሯ በፊት እኮ ትጸልያለች» ይለኛል፣ እኔን ለማባበል።

«ወደ ማን?»

«እሱን እንግዲህ አልጠየቅኳትም» ብሎ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ፎቶዋን ከመጽሔት ቆርጦ ግድግዳው ላይ ለጥፎት ነበር። አንድ ቀን እሱ ሥራ ሳለ ዱቄት በውኃ በጥብጬ የእመቤታችንን ሥዕል በላይዋ ላይ ለጠፍኩባት። ብልሃት መስሎኝ። እሱም ሲመለስ አየውና አማተበ። ከዚያ ወዲያ ግን ጋቢውን አጣፍቶ ለጸሎት ሲቆምና ሲቆይብኝ፣ የሚያየው እመቤታችንን ነው ወይስ ከሥሯ ያለችውን እያልኩ የራሴ ጸሎት ይጠፋኛል። ልላጠው ብል የማርያምን ሥዕል መቅደድ ሊሆንብኝ ነው። በገዛ እጄ ከቤቴ እንዳትወጣ አደረግኳት።

በዚያው ዓመት፣ በሁዳዴ አንድ እሑድ፣ የፋብሪካው አዳራሽ ፊልሟን ሊያሳይ ሆነ። ሁለት ትኬት ይዞ መጣ።

«ነይ አንቺ፣ አንዴ ብቻ እያት።»

«በጾም ጭፈራ? ሂድና ከውሽማህ ጋር ተቀመጥ!»

ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «ወንበርሽ ባዶ ነበር» አለኝ። አላመንኩትም። ፈትል ክፍል የምትሠራ፣ ዓይኗን እንደ ህንዳዊቷ የምትኳል አንዲት ልጅ ነበረች፤ በማግስቱ መንገድ ላይ ስታየኝ ፈገግ አለች፤ ወንበሬ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት አልኩ። ያ ፈገግታ ስንት ዓመት አንገበገበኝ! ቆርቤ እንኳ አልወጣልኝም። እሱንም እስኪሞት ድረስ ደግሜ አልጠየቅኩትም።

የጎረቤቴ ልጅ ዜናውን ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችልኝ። ቃጭሉ፣ የአባቷ ሞት፣ የአፍንጫዋ ነገር፣ የድሃ ልጆቹ፣ ሁሉም እሱ እንዳለው ነው። ጸሎቷ ሳይቀር ተጽፏል። እንደዚያ ስለምቀናባት ሴት አንዲት ቃል አልዋሸኝም። ታዲያ ስለ ወንበሩ ለምን ይዋሸኛል?

በዚያ እሑድ አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥታችሁ አቃቂም ሆነ ሳሪስ አቦ ያላችሁ፣ እባካችሁ አስታውሱልኝ። ቡናማ ኮት የለበሰው ረጅሙ መካኒክ አጠገብ ሰው ተቀምጦ ነበር? ከነበረ ንገሩኝ፤ አልቀየማችሁም። ባዶ ከነበረ ግን አትቆዩብኝ፤ ከዚያ ሥዕል ፊት ቆሜ ይቅርታ የምጠይቃቸው ሁለት ሰዎች አሉብኝ፤ ባሌና ከሥሩ ያለችው።