ጄኔራሉ እና የአማቱ ክንድ

ሰፈሩ በሙሉ «ጄኔራሉ» ይለዋል። ጦር ሜዳ ቀርቶ የጎረቤት ጠብ እንኳ ገላግሎ አያውቅም፤ እንጀራው ቪዲዮ ጌም መገምገም ነው። በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ አምድ ይዞ፣ የትኛው ጌም ለገንዘብ እንደሚበቃ፣ የትኛው ደግሞ ዓይን ከማጥፋት በቀር ፋይዳ እንደሌለው ሲጽፍ ስድስት ዓመቱ። የሚወደው የጦር ስልት ጌም ነው። ካርታ ተዘርግቶ፣ ስንቅ ተጭኖ፣ ክፍለ ጦር በዚህ ዞሮ በዚያ ከቦ አገር የሚያዝበት ዓይነት። ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ መቆጣጠሪያውን ሆዱ ላይ አስደግፎ ያልያዘው አህጉር የለም። ሠራዊት በወንዝ ሲያሻግር ያየው ሰው፣ ይኸው ሰውዬ ወደ ቤቱ የሚወስደውን ደረጃ ሲወጣ ሁለቴ ቆሞ እንደሚያርፍ መቼም አይጠረጥርም።

አምዱን ከማግኘቱ በፊት እዚያው መጽሔት ላይ የሐዘን ማስታወቂያ ገጽ አዘጋጅ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ አይቷቸው የማያውቃቸውን ሟቾች «ደግ፣ ታታሪና ሰው ወዳድ» ሲያደርግ ኖሯል። በስተመጨረሻው ጎረቤት ሲያስነጥስ እንኳ «ባደረባቸው ሕመም» የሚል ዐረፍተ ነገር ድቅን ይልበት ነበር። ከዚያች ክፍል የወጣ ቀን ሚስቱን አቅፎ አልቅሷል፤ ዳግመኛ ከምመለስ ድንጋይ ብሸከም ይሻለኛል ብሏል።

እንግዲህ በአንድ ሰኞ ዋና አዘጋጇ አስጠራችው።

«ጄኔራል፣ አንባቢ ጦርነት ሰልችቶታል» አለችው።

«ጦርነት ደግሞ ይሰለቻል እንዴ?»

«ይሰለቻል። ሰው አሁን የሚፈልገው ቦርጩን ማጥፋት ነው።» አንድ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቤት ውስጥ ስፖርት የሚያሠራ ጌም ነው። ሠላሳ ቀን ትሠራዋለህ፤ በገዛ ሰውነትህ። ይቺ ክንድ ላይ የምትታሰረው ነገር የልብ ምትህንና እንቅስቃሴህን እየመዘገበች በየቀኑ ለእኛ ትልካለች፤ እኛ ደግሞ ለአንባቢ እናወጣለን። ከጨረስክ አምዱ ያንተ ነው። ካልጨረስክ ግን…» ብላ በአገጯ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ አመለከተች። የጄኔራሉ ወሽመጥ ተቆረጠ።

በማግስቱ ሚስቱ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት እንደወጣች፣ ማሰሪያውን ክንዱ ላይ አስሮ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ። ስክሪኑ ላይ ጥርሱ ከሆዱ ቀድሞ የሚታይ ሸንቃጣ አሠልጣኝ ብቅ አለና «ዛሬ በሃያ ቁጭ ብድግ እንጀምራለን!» አለ። ጄኔራሉ በአራተኛው ቁጭ ብሎ ቀረ። መሬት ላይ እንደተዘረፈጠ ነው ብልሃቱ የመጣለት። አዛዥ ራሱ ምሽግ ቆፍሮ ያውቃል? ቀና ሲል መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ የተቀመጡት አማቱ ዓይኑ ውስጥ ገቡ።

አማቱ ሠላሳ ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በሽመና ማሽን ፊት ቆመው የሠሩ ሴት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው መስኮት ሆኗል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የማን መጋረጃ ታጠበ፣ የማን ሳይታጠብ ከረመ፣ ሁሉንም ያውቃሉ። ግን ሰለቻቸው፤ ሰውነታቸው ሥራ ለምዶ ባዶ መቀመጥ አልሆንልህ አላቸው።

«እማማ፣ ክንድዎን ለሠላሳ ቀን ያውሱኝ» አላቸው።

«ደግሞ ምን ልታደርገው ነው?»

ነገራቸው። እሳቸውም ከት ብለው ሳቁ። «ወይ ጉድ! እኔ ልዝለል፣ አንተ ልትከሳ?»

«አምዴ ሊሄድ ነው እማማ። ወደ ሬሳዎቹ ሊመልሱኝ ነው።»

አንጀታቸውን በላቸው። ሸራ ጫማቸውን ከአልጋ ሥር አወጡ። የእባብን ጉድጓድ በሰው እጅ መለካት ይሉታል የቀደሙት፤ ጄኔራላችን ግን «ኃይልን በአግባቡ ማሰማራት» ብሎ ሰየመው። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ለሁሉም ነገር ስም አያጣም።

እናም ቤቱ ሥራ በሥራ ሆነ። እሳቸው በቀሚሳቸው ላይ የስፖርት ሱሪ ደርበው ይዘላሉ፣ ክንዳቸውን ያወናጭፋሉ። እሱ ከኋላቸው ተጋድሞ በትንሿ ማጫወቻው ከተማ ይከባል። ማታ ማታ ለአንባቢ ይጽፋል፦ «ዛሬ ጭኔ እሳት ሆኖ ዋለ። ሕመም ግን የጀግና ጓደኛ ነው።» አንባቢ አበደ! «አንተን አይቼ ጀመርኩ» የሚል ደብዳቤ ጎረፈ። ሚስቱ ብቻ ሱሪውን እያየች «ምነው አይሰፋህም?» ስትለው፣ «ስቡ ወደ ጡንቻ እየተለወጠ ነዋ፣ ጡንቻ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል» አላት። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ስሌቱ አልገባትም፣ ግን ተወችው።

አማቱ ግን ጌሙን ወደዱት፣ ውድድ አደረጉት። አሠልጣኙ አንድ ዙር በጨረሱ ቁጥር «ጎበዝ! የኔ ጀግና!» ይላል። አንድ ቀን ላባቸውን እየጠረጉ «ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ስቆም አንድ ሰው ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ይሄ ሳጥን ነው ያወቀልኝ» አሉት። ጄኔራሉ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው።

በሃያ አራተኛው ቀን ጠዋት፣ በክንድ ማወናጨፉ መሃል ቆም ብለው ግድግዳውን ያዙ። «ምነው?» ሲላቸው «ምንም አይደል፣ ጫማዬ ነው» አሉ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አላደረጉም፤ እሱ ደግሞ የከበባት ከተማ እጅ ልትሰጥ አንድ ሐሙስ ቀርቷት ነበር። ትልቁን ቁልፍ ተጫኑና ጽሑፉ ጠፋ። ዙሩን ጨርሰው፣ ማሰሪያውን ፈትተው ሊታጠቡ ገቡ።

ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ዋና አዘጋጇ ራሷ ናት፤ ከኋላዋ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር።

«እንዴት ቆመህ ትከፍታለህ! ና ቶሎ መኪና ውስጥ ግባ!»

«ምን ተፈጠረ?»

«ልብህ ነዋ! ጌሙ ማስጠንቀቂያ ልኳል፤ ምትህ ተዛብቷል፣ ባስቸኳይ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት ይላል።»

ጄኔራሉ ማሰሪያውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ክንዱ ላይ ከማድረግ በቀር የታየው ነገር አልነበረም። አሞኛል ካላለ ጉዱ ሊፈላ ነው። ደረቱን ያዝ አድርጎ ገባ። እግረ መንገዱን ጥሩ አድርጎም አቃሰተ።

ክሊኒኩ ውስጥ ሸሚዙን አውልቀው፣ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው መረመሩት። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና ትከሻውን ነቀነቀ። «ክብደትህን ቀንስ እንጂ ልብህ ደህና ነው። ይሄ መሣሪያው የላከው ግን የታመመ ልብ ነው። እንዲህ ዓይነት ልብ ያለው ሰው ዛሬውኑ ካልታከመ አያድርም። መሣሪያው ተሳስቷል ማለት ነው።»

ዋና አዘጋጇ እጇን አጨበጨበች። «ጤነኛን ሰው በሽተኛ የሚል ጌም! ርዕስ ማለት ይሄ ነው! ሁለት ገጽ ጻፍልኝ፤ አምዱ ከእንግዲህ ጡረታ እስክትወጣ ያንተ ነው።»

ጄኔራሉ «ተመስገን» አለ። ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርስ ነው ነገሩ የገባው፤ መሣሪያው አልተሳሳተም። ግድግዳ የያዘችው ያች እጅ ታየችው። ክው አለ። አምድ የለ፣ ኮሪደር የለ፣ ሁሉም ከጭንቅላቱ ጠፋ።

«እኔ አይደለሁም!» ብሎ ጮኸ። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ ዞረ። «አማቴ ናቸው! የታሰረው እሳቸው ክንድ ላይ ነው! ሃያ አራት ቀን የዘለሉት እሳቸው ናቸው! ኧረ መኪና! ስለ ፈጣሪ መኪና!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ዋና አዘጋጇ አፏን በእጇ ያዘች።

እቤት ሲደርሱ አማቱ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ሌላ ዙር ሊጀምሩ ነው። «ማሰሪያው ባይኖርም ሰውዬው ጎበዝ ማለቱን አልተወም» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። ጄኔራሉ ያን ደረጃ እንዴት እንደወጣው አያውቅም፤ አቅፎ አወረዳቸው። እየተሳደቡ ወረዱ።

የልባቸው ደም ሥር ጠቦ ነበር። ሐኪሞቹ ከፈቱት። በሦስተኛው ቀን ሊጠይቃቸው ሲገባ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አምድህስ?» አሉት፣ ገና ከመግባቱ።

«ሄደ። ከሰኞ ጀምሮ የሐዘን ገጽ ላይ ነኝ።»

«መጀመሪያዋ እኔ ልሆንልህ ነበራ!» ከዚያ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ቆይ፣ እና እዚያ ሰው ሁሉ ፊት ጮህክ?»

«ጮህኩ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ እቤት መጥተህ ‹እማማ ይልበሱ፣ ሐኪም ቤት ደርሰን እንምጣ› ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔም እታከም፣ አምድህም አይነካ። ማን ያውቅብህ ነበር?»

ጄኔራሉ ስድስት ዓመት ሙሉ በጎን ሲዞር፣ ከኋላ ሲከብ፣ ጠላት ሲያዘናጋ የኖረ ሰው ነው።

«አልመጣልኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ወላሂ ልንገርዎት እማማ፣ ጭራሽ አልመጣልኝም።»

አማቱ መጀመሪያ በሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ግን ሳቅ መሆኑ ቀረ። እጁን ያዙና «የኔ ጅል» አሉት። «የኔ ጅል ልጅ።» ነርሷ ገብታ በሽተኛ ማስለቀስ ክልክል ነው ብላ ተቆጣችና፣ እጁን አልለቅም ስላሉ ወንበር አምጥታለት ወጣች።