ድልድዩን የያዘው ሰውዬና የወንድሜ እግር

ከሰሃላ ወጥተን ለትምህርት ሰቆጣ የገባነው አባታችንን ተከዜ በወሰደው በዓመቱ ነው። ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍል ሊጀምር፣ እኔ ሰባተኛ። እናታችን ፍየሎቿን ሸጣ በአንዲት ልብስ ነጋዴ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራየችልን። የማሽላ ዱቄቱንና ሽሮውን ጥግ ላይ አስቀምጣ፣ «አንገታችሁን ደፍታችሁ ተማሩ» ብላን ተመለሰች።

አንገት መድፋቱ አላስቸገረንም። ቤታችን የምንነጋገረው በኸምጣንጋ ነው፤ አማርኛን የለቀምነው ከትምህርት ቤት ነው። አፋችን ይይዘን ነበር፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ እናደርጋለን። የአከራያችን ልጅ ይህን በሰማ ቁጥር ሆዱን ይዞ ይስቃል። ከወንድሜ ጋር እኩያ ነው፤ አንድ ክፍል ነው የሚማሩት። ቆንጆ ልጅ ነበር፤ ሳቁም ያምርበታል። የሚስቀው ግን ሰው ሲያፍር ብቻ ነው።

ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ቤት አንድ ፈረንጅ ተከራይቶት ኖሮ፣ እኛ ከመምጣታችን በፊት ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ካርቶን ሙሉ መጽሔት ትቶ ሄዷል። የወረሰው የአከራያችን ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ ካርቶኑን አውጥቶ ደረጃው ላይ ዘረገፈው። እያንዳንዱ መጽሔት ስስ ላስቲክ ውስጥ ተቀምጧል፤ ፈረንጁ እንደ ዓይኑ ብሌን ሲጠብቃቸው እንደኖረ ያስታውቃል። ልጁ ላስቲኮቹን እየገፈፈ ለደብተሩ መሸፈኛ አደረጋቸው። እኛ እንድናይ የፈቀደልን ውሃ ቀድተን ስለመጣን ነው።

ወረቀቱ ሳስቶ ዳር ዳሩ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል፤ ቀለሙም ከመስመሩ እያለፈ ወጥቷል። ገጹ በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሎ፣ በያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ያው አንድ ሰው አለ። ፊቱን ሸፍኗል፣ ካባ ደርቧል፣ ደረቱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል።

«ቄስ ነው እንዴ?» አልኩት ወንድሜን በኛው ቋንቋ፣ ካባውን አይቼ።

«ቄስማ ሙታንታውን ከሱሪው በላይ አያደርግም» አለኝ።

ሁለታችንም ፈነዳን።

«ምንድነው የምትንሾካሾኩት?» አለ ልጁ። «እኔ ግቢ ውስጥ በሰው ቋንቋ ተናገሩ!»

የመጽሔቶቹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለሰቆጣ ልጅም ለሰሃላ ልጅም እኩል ገደል ነው። ወንድሜ ግን ያንን ገደል ወጣው። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መዝገበ ቃላት ተውሶ፣ ቃል በቃል እየለቀመ፣ ሥዕሉን ከቃሉ እያጋጠመ ታሪኩን ያወጣው ጀመር። ብዙ ሳይቆይ የሰፈሩ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት እሱን ከበው መቀመጥ ለመዱ። አማርኛው እየተሰባበረም ቢሆን አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡታል። የመጽሔቱ ባለቤት ከኋላቸው ቆሞ ያያል። አይስቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጽሔቶቹ ሁሉ የመጨረሻ ቅጠላቸው ተቀዶ ነበር።

«የት ሄደ?» አለ ወንድሜ።

«እኔ ጋ ነው። የምትፈልገውን ትጠይቀኛለህ፣ የምፈልገውን ታደርጋለህ።»

ወንድሜ ያደርግ ነበር። ጫማውን አጠበለት፤ የቤት ሥራውን ሠራለት። አንድ ጊዜ ልጆቹ ፊት ቆሞ በኸምጣንጋ እንዲሳደብ አዞት ተሳደበ፤ የሚለውን ባያውቁም ሳቁ። እኔ በየቀኑ እለምነው ነበር፣ «ተወው፣ ወረቀት ነው» እያልኩ። «አውቃለሁ» ይለኛል። ቅጠሉን ሲያገኝ ግን ፊቱ ይበራል።

ከሁሉም የባሰው የድልድዩ መጽሔት ነው። ደራሽ ውሃ ወንዙን ሞልቶታል፤ ድልድዩ ከመሃል ተሰንጥቆ በላዩ ሰው የጫነ አውቶቡስ ቆሟል። ካባ ለባሹ ከሥር ገብቶ ድልድዩን በትከሻው ይዞታል። በያንዳንዱ ሳጥን ጉልበቱ እየላመ፣ ውሃው ደረቱን እያለፈ ይሄዳል። መጨረሻው ተቀዷል።

ወንድሜ ይህን መጽሔት ካየ በኋላ ምግብ አልበላ አለ። አባታችን ከገበያ ሲመለስ ነው ውሃው የወሰደው። ወንድሜ ከወዲያ ማዶ ቆሞ ሲጠብቀው ነበር፤ አይቷል። እኔ አላየሁም። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አውርቶኝ አያውቅም። አሁን ግን በእጁ እንጀራ እንደያዘ፣ «ይይዘው ይሆን?» አለኝ።

«ማን?»

«ሰውዬው። ድልድዩን።»

እሁድ ከሰዓት፣ አከራያችን ማኅበር እንደሄደች፣ ልጁ ጓደኞቹን ሰብስቦ ለወንድሜ የቅጠሉን ዋጋ ነገረው። ግቢው ውስጥ የውሃ ታንከር የሚቀመጥበት በድንጋይ የተካበ ከፍ ያለ ማማ ነበር። ከዚያ ላይ ይዘላል፤ ካባም ይለብሳል። ካባው የእኔ ነጠላ ሆነ። ከራሴ ላይ የገፈፈው ልጁ ነው። ወንድሜ አንገት ላይ ያሰረውም እሱ ነው፤ እንደ ሙሽራ ሚዜ ጫፍና ጫፉን አስተካክሎ።

ወንድሜ ሞኝ አልነበረም። መብረር እንደማይችል ያውቃል። ፍየል ሲከተል ከዚያ ከሚበልጥ ገደል ዘሏል። ማማው ላይ ወጥቶ በስተግራ የተቆለለውን አሸዋ አየና ወደዚያ ዞረ።

«በዚያ አይደለም!» አለ ልጁ ከታች። «በዚህ በኩል!»

በዚህ በኩል ያለው ለአጥር የመጣ ጥርብ ድንጋይ ነው።

«ውረድ!» ብዬ በቋንቋችን ጮህኩ። «በአባባ ሞት ውረድ!»

አየኝ። ከዚያ ዘለለ። ነጠላው ነፋስ ይዞ ለአፍታ ወደ ላይ ተነሣ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሳያልቅ የእግሩ ድምፅ ተሰማ፤ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት።

አልጮኸም። ፊቱ አመድ መስሎ እጁን ዘረጋ። «አምጣ» አለው።

ልጁ ቃሉን ጠበቀ። ቅጠሉን ከኪሱ አውጥቶ ደረቱ ላይ ጣለለት። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁት። ካባ ለባሹ አሁንም ድልድዩን እንደያዘ ነው፤ አንድ እጁ አምልጦታል፤ ከሥሩ በትልልቁ የተጻፈ ነገር አለ። በጀርባው የብስክሌት ማስታወቂያ።

«ምን ይላል?» አልኩት ወንድሜን።

«የሚቀጥለው በሚመጣው ወር ይላል!» አለ ልጁ፣ በዚያ በሚያምር ሳቁ። «የሚመጣው ወር ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ የለም። ድሮም የለም። እኔ መቼ ጨርሼ አየሁትና!»

ጓደኞቹም ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ሮጦ ውሃ አመጣ።

አከራያችን ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው የፈረሰውን የድንጋይ ክምር ነው። «ግቢዬ ውስጥ ሬሳ ልታወጡብኝ ነው? ማን ውጣ አለው?» አለች።

«የርስዎ ልጅ ነው» አልኳት።

በጥፊ መታችኝ። በሳምንቱ ክፍሏን ለቀቅን።

ሐኪም ቤት ከመሄዳችን በፊት ጎረቤት መከረንና ወጌሻ ጋ ወሰድነው። በሸንበቆ ጠፍሮ አሰረው። እብጠቱ አልወርድ ሲል ሐኪም ቤት ሄድን፤ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዞ፣ አጥንቱ ጠሞ እንደገጠመ፣ ለማቃናት እንደገና ተሰብሮ ደሴ መታከም እንዳለበት ነገረን። ደሴ ለኛ ከሰማይ አይቀርብም። አጎታችን በቅሎ ይዞ መጣ። ወንድሜን በቅሎው ላይ ሲያወጣው፣ «ለወረቀት?» አለው አንድ ጊዜ። ከዚያ እስከ ሰሃላ ድረስ አላናገረውም አሉ።

እኔ ከሌሎች የገጠር ተማሪ ሴቶች ጋር ገብቼ ትምህርቴን ቀጠልኩ። አንድ ቀን ክፍላችን ስገባ ሰሌዳው ላይ ካባ የለበሰ አንካሳ በጠመኔ ተሥሏል። መምህሩ ሲገባ አየው፤ እሱም ፈገግ አለና አጠፋው። በዚያች ፈገግታ ምክንያት የዚያን መምህር ትምህርት አንድም ቀን ጥያቄ ሳልጠይቅ ጨረስኩት።

ተምሬ አዋላጅ ነርስ ሆንኩ። ከዓመታት በኋላ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ፣ አስፋልት ዳር ላስቲክ ላይ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ ያንን ድልድይ አየሁት። እንደገና የታተመ ነው፤ ወፍራም፣ ወረቀቱ የሚያንጸባርቅ፣ ቀለሙ ዓይን የሚወጋ። ማስታወቂያዎቹ ወጥተው የብዙ ወሩ ታሪክ ተከታትሎ አንድ ላይ ተጠርዟል። እዚያው ቆሜ ገለጥኩ። ካባ ለባሹ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ድልድዩን ቀና አደረገው፤ አውቶቡሱ አለፈ። በሦስት ሳጥን። ከዚያ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ጠላት። ስለ ድልድዩ ዳግመኛ የሚናገር የለም።

ገዝቼ ሰሃላ ወሰድኩለት። ወንድሜ ንብ ያነባል፤ ቆሞ መዋል ስለማይችል ቀፎ የሚሠራው ተቀምጦ ነው። አግብቷል፣ ወልዷል፣ ጠጉሩ ከኔ በፊት ሸብቷል። መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ ድልድዩ ገለጠ። ያቺን ገጽ አየ። ቀጣይዋንም አየ።

«ያዘው» አለ።

«ያዘው» አልኩት።

«ቀላል ነበር ለካ።» መጽሐፉን ከድኖ ቀፎው አጠገብ አስቀመጠው። ደስ እንዲለው ጠብቄ ነበር፤ ባይለውም እንዲያለቅስ። ሁለቱንም አላደረገም። መሳሪያውን አንሥቶ እንጨቱን መፋቅ ቀጠለ፤ ትንሽ ቆይቶ ቀና ሳይል፣ «ያን ልጅ አገኘሁት» አለኝ።

«የት?»

«ሰቆጣ። ለመሬቱ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ። ወንበር ላይ የተቀመጠው እሱ ነው።»

«አወቀህ?»

«ከበር ስገባ አነካከሴን አይቶ ተነሣ። ወንበር ሳበልኝ። "አባቴ፣ ቁጭ ይበሉ፣ አይቸኩሉ" አለኝ።»

«አባቴ? እኩያህን?»

«አባቴ አለኝ። ጉዳዬንም ቶሎ ፈጸመልኝ። ሲሸኘኝ እስከ ደጅ ደግፎኝ ወጣ፤ "እግርዎን ምን ነካዎት?" ብሎም ጠየቀኝ።»

«ምን አልከው?»

«ወደቅኩ አልኩት።» የፋቀውን እፍ ብሎ አራገፈ። «ስድብ ይዤ ነበር የኖርኩት እቴ፤ በአማርኛም አጥንቼው ነበር፣ ወንዱን ሴት ሳላደርግ። እሱ ግን እጄን ይዞ ሲያወርደኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬው ወጣሁ።»

ሚስቱ ከውስጥ ምሳ ደረሰ ብላ ተጣራች። ላነሣው ክንዱን ብይዘው መነጨቀኝና፣ መቃኑን ተደግፎ ብቻውን ተነሣ።