ከመደብ እስከ ደጅ

አባቴ መሪጌታ ተክለ ማርያም ቤታቸውን የሚያውቁት በዜማ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ፣ ከሚተኙበት መደብ እስከ ምሰሶው አንድ ትንፋሽ፣ ከምሰሶው እስከ ደጁ ሌላ ትንፋሽ ያዜማሉ፤ ዜማው ሲያልቅ እጃቸው መቃኑን ይነካል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደባርቅ ውስጥ አቋቋም፣ የማኅሌቱን ዜማ ከነእርምጃው፣ ሲያስተምሩ ስለኖሩ እግራቸው ያለ ዜማ አይራመድም። እኔ ሸጊቱ፣ ሴት ልጃቸው፣ የምኖረው ከግድግዳው ማዶ ነው። በክረምት ጠዋት፣ ጉሙ ግቢያችንን ሞልቶ አጥሩ እንኳ በማይታይበት ሰዓት ድምፃቸውን ስሰማ፣ ደመና ላይ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ሆነ። ማኅበርተኛ አቧራ ላይ አይቀመጥም ብዬ፣ በዋዜማው ጠዋት የአባቴን ወለል በእበት ለቀለቅሁት። ውሃም አበዛሁበት። በበጋ ቢሆን ቀትር ሳይሆን ይደርቅ ነበር፤ በነሐሴ ጉም ግን ምኑ ይደርቃል? በርጩማቸውንም ለእንግዳ ይመቻል ብዬ ከጥግ አንሥቼ ምሰሶው ሥር አኖርኩት። ለእሳቸው መንገር ትዝ አላለኝም። ቤቱ አማረልኝ እያልኩ ደጅ እጄን ስታጠብ ዜማው ተነሣ፤ ከዚያም መሃል ላይ ተቆረጠ።

ስገባ እርጥቡ ወለል ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ነጩ ጋቢ በእበት ተለውሷል። አጥንታቸው አልተሰበረም፣ እመቤቴ ትመስገን።

«እኔን አባዬ! እኔን ይድፋኝ!» ስል እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«ለየሺዋስ እንዳትነግሪው» አሉኝ።

የሺዋስ ጎንደር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ለፋሲካ መጥቶ ሳለ፣ «ወደቁ ሲባል የሰማሁ ዕለት መጥቼ ወደ ጎንደር እወስድዎታለሁ» ብሎ ምሏል። አባቴ ደግሞ ከዚያች ቤት ወጥተው የሚኖሩ አይመስላቸውም። «በማላውቀው ቤት ዜማዬን ከየት እጀምረዋለሁ?» ይሉኝ ነበር።

እሺ አልኩ። ነገር ግን ቤቱ እኔ እንዳልኩት ይሆናል አልኳቸው። ግትር ናት ይሉኛል፣ አልዋሹም። ማኅበሩ እንዳለፈ በርጩማውን ወደ ቦታው መለስኩ። የለቀለቅሁትን ፈቅፍቄ ደረቅ አፈር ደለደልኩበት። ከፍ ያለውን የደጁን ደፍ በመጥረቢያ ጠርቤ ዝቅ አደረግሁት። በመጨረሻም አህያ የምንጭንበትን የቆዳ መጫኛ ከመደቡ እስከ ምሰሶው፣ ከምሰሶው እስከ መቃኑ በወገብ ልክ ወጠርኩት።

አባቴ በጣታቸው ዳስሰው አወቁት።

«መጫኛ! እኔ የገብስ ስልቻ ነኝ?»

«ይያዙት አባዬ።»

«ስድሳ ዓመት በማኅሌት የቆምኩ ሰው የአህያ ገመድ ይዤ አልሄድም!»

ሦስት ቀን ተኮራረፍን። በአጠገቡ እያለፉ እንኳ አይነኩትም። በአራተኛው ቀን ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። «እንግዲያው እኔንም አካሄዱን ያስተምሩኝ» አልኩና ዓይኔን በነጠላዬ አሰርኩ። ሴት ልጅ አስተምረው አያውቁም፤ ሳቁብኝ፣ ግን ተነሥተው ከጎኔ ቆሙ።

ዓይኔን ስሸፍን ቤቱ ሰፋ። ተወልጄ ያደግሁበት ቤት ነው፤ ሆኖም ምሰሶው ርቆ ርቆ ሄደብኝ። የጉሙ ቅዝቃዜ በደጁ ገብቶ ፊቴን ዳሰሰኝ። አባቴ ቀስ ብለው ያዜማሉ፣ እኔም በድምፃቸው ላይ ተንሳፍፌ እሄዳለሁ፤ ወለሉ የት እንዳለ ረሳሁት። በዚያው እግሬ ተሳሳተና ተንገዳገድኩ።

«ገመዱን ያዢ!» ብለው ጮኹ። «ያዢው ልጄ፣ ትወድቂብኛለሽ!»

ያዝኩት። ጥቂት ቆይቶ መጫኛው ከኋላዬ ረገብ አለ፤ የእሳቸውም እጅ አርፎበት ነበር።

«ሸጊቱ፣ ከዚህ በፊትም ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ» አሉ። «አንደኛውን ጊዜ ከጠዋት እስከ ቀትር መነሣት አቅቶኝ ነበር።»

እኔ ያን ቀን ከግድግዳው ማዶ ተቀምጬ እህል እየለቀምኩ ይሆናል።

«ለምን አልተጣሩም?»

«ብጣራ ትሰሚያለሻ። ከሰማሽ ደግሞ ትወስዱኛላችሁ።»

ነጠላው ዓይኔ ላይ እንደታሰረ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ሰዓት ወለል ላይ ዝም ብለው የተኙት እኛን ልጆቻቸውን ፈርተው ነው።

በማግስቱ አስፈቅጃቸው ቴሌ ሄድኩና ለየሺዋስ ደወልኩ። አራቱንም መውደቅ ነገርኩት፤ የእኔን እበትና በርጩማ፣ የተጠረበውን ደፍ፣ መጫኛውንም አልደበቅሁትም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለኝ። «መጫኛው እስከ ሽንት ቤቱ ይደርሳል? ካልደረሰ የሚቀጠልበት ገመድ ይዤ እመጣለሁ።»