የእማዬ መንገድና የመኪናችን ጎማ

እናቴ የምትኖረው ከሙዱላ ወጣ ብሎ ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ሆሳዕና ከተማ እኛ ዘንድ ነይ ብንላት ወይ ፍንክች። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን እኛ እንሄዳለን። እሷ ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው ያቺን ምሳ ነው። መንገዱ እስከ ሙዱላ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ ወደ እማዬ ቤት የሚታጠፈውን ግን ጎርፍ ቦርቡሮታል፤ የመኪናችን ሆድ ድንጋዩን ሲፍቅ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ባለቤቴ ታዲያ ከዚህ እገላገላለሁ ብሎ ለመኪናችን ትልልቅ ጎማ ከነቸርኬው አስገጠመላት። የሱን ደስታ ያየ ሰው አዲስ መኪና የገዛ ነበር የሚመስለው። እውነት ለመናገር እኔም ከፍ ብዬ መቀመጤን ወድጄው ነበር።

ደስታችን ዳገት ላይ አለቀ። ድሮ ያለምንም ጣጣ የምትወጣውን ዳገት ማርሽ ካልቀነሱላት አልወጣም አለች። ነዳጁንማ ጠጣችው። ጎማው ከባድ ነዋ፣ ሞተሩ እሱን ለማሽከርከር ይለፋል። ባለቤቴ ግን በጎማው ላይ ክፉ አያስነግርም፤ ከፊሉ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ውሸት ነው ብሎ ተከራከረኝ። ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር ከትንሹ የበለጠ መንገድ ይሄዳል፣ ቆጣሪው ግን የሚያስበው በድሮው ጎማ ነው አለኝ። ይሁን፣ እውነቱን ነው። ነዳጅ ግን አለቀ ማለት አለቀ ነው። ደርሶ መልስ ይበቃን የነበረው ስንመለስ መንገድ ላይ ጣለን፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ የማደያው ወረፋ አይጣል ነው። እሁዶቻችን መዝለል ጀመሩ።

ለእማዬ እየደወልኩ ሥራ በዛብን እላታለሁ። ባለቤቴ ለአማቱ ነዳጅ ቸገረን ከሚል ሞቱን ይመርጣል፤ እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኛል። አንድ እሁድ ግን እማዬ «የሠራሁትን ማን ይብላው?» አለችኝ። መሐላው ገደል ይግባ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እሷም «ትንሹን ጎማ መልሱላት። መኪናዋን ከምትሰቅሉ መንገዱን እኛ ከፍ እናደርገዋለን» አለች።

ባለቤቴ መሐላዬን ማፍረሴን ሲሰማ ተኮሳትሮ አመሸ፤ በነጋታው ግን የድሮዎቹን ጎማዎች ከጓሮ አውጥቶ ወደ ጎሚስታው ወሰዳቸው። እማዬ ደግሞ ለእርሻ ደቦ እንደሚጠራው ሁሉ ጎረቤቱን ጠራች። አንዱ ድንጋይ ተሸከመ፣ ሌላው አፈር ዛቀ፣ እሷ አበላች።

በቀጣዩ እሁድ መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ምንም አልፋቀንም። ነዳጁም ለመመለሻ ተርፎ ነበር። እማዬ በነጠላዋ ላይ አፈር እንዳለ መንገዱ ዳር ቆማለች። ባለቤቴ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ወረደ፤ እሷ ግን ስማው ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

«እስቲ አሁን ሥራ በዛብን በሉኝ።»