የሁዳዴው ሰላሳ ስግደት

ቡሪየን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ በአሜሪካን ፉትቦል ኳስ ወርዋሪ፣ ማለትም ኳርተርባክ፣ መሆን የሚፈልጉ ልጆችን አሰለጥናለሁ። ትናንት ሳሩ ላይ እየወደቁ ሲነሱ የመዳፋቸው ድምፅ ወደ አስራ ሦስት ዓመቴ መለሰኝ።

ሁዳዴ ነበር። አሰልጣኜ "ክንድህ ጥሩ ነው፣ እግርህ ግን ቀርፋፋ ነው፤ እንዲጠነክር እንቁላል ብላ" ስላለኝ ትምህርት ቤት ተደብቄ በላሁ። እናቴ ደረሰችብኝና ወደ ንስሐ አባታችን ወሰደችኝ። አባ በአዘቦት ቀን ሲታክ አየር ማረፊያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠሩ ነበርና ያገኘናቸው በሥራ ጃኬታቸው ነው።

"አባ፣ ይሄን ኳስ ያስጥሉልኝ" አለቻቸው።

አባ ወደ እኔ ዞሩ።

"አሰልጣኝህ ምን ይጎድልሃል አለ?"

"እግሬ፣ አባ። ስሎው ነኝ።"

ወደ እግሬ ተመለከቱ። "ቀኖናህ በየጠዋቱ ሰላሳ ስግደት ነው። ግንባርህ መሬት ይንካ፣ ስትነሳ ፈጠን በል። ቅዳሜና እሁድ የለም፤ እግርም ያርፋል።"

ቅጣት ይሁን ልምምድ አልገባኝም። ኳሱን ግን አልከለከሉኝም። መኪና ውስጥ ስንገባ እናቴ "ኦኬ፣ እኔ እቆጥራለሁ" አለች።

ከፋሲካ በኋላ ስሮጥ አሰልጣኜ የያዘውን ሰዓት ሁለቴ አየው።

"ምን ስትበላ ከረምክ?" አለኝ።

"ሽሮ" አልኩት።

ዛሬም ልጆቹን የማሠራቸው በየጠዋቱ ሰላሳ መውደቅና መነሳት ነው። ለምን ሰላሳ እንደሆነ ጠይቀውኝ አያውቁም። ቅዳሜና እሁድ የለም፤ እግርም ያርፋል።