አባቴ በአዲሱ ላፕቶፕ የጻፈው

የአባቴን አሮጌ ኮምፒውተር ለቆራሌው የሸጥኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። የሰንጋ ተራው ቤታችን ሊፈርስ ሆኖ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለመግባት ዕቃ ስንሸክፍ፣ "ይሄን ጉድ ማን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል?" አልኩና ከተሰበረ ወንበርና ከባዶ ጠርሙስ ጋር አስረከብኩት። አዲስ ላፕቶፕ ገዝቼለት ስለነበር ደግ ልጅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአማርኛ ታይፒስት ነበር። ጡረታ ሲወጣ ያ ኮምፒውተር የጽሕፈት መኪናውን ተካለት። የድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የፊደል አቀማመጡ ልክ እንደ ጽሕፈት መኪናው ስለነበር ጣቶቹ አዲስ ነገር መማር አላስፈለጋቸውም። በእሱ የሰፈራችንን ታሪክ ይጽፍ ነበር፤ ማን በየትኛው በር እንደኖረ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እንዳስታረቃቸው። ቤቱ ሲፈርስ ጽሑፉ እናቴን ሊያገባ ጥቂት እስከቀረው ጊዜ ድረስ ደርሶ ነበር። እናቴ የሞተችው የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። መልኳን እንኳ አላስታውስም። ስለ እሷ ስጠይቀው አባቴ ሁልጊዜ "እሱን እጽፈዋለሁ" ይለኝ ነበር።

ኮምፒውተሩን ከመሸጤ በፊት ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጬ ነበር፤ ብልጥ ነኝ አይደል! አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ስከፍታቸው ግን አማርኛው ጠፍቶ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆነ። የፕሮግራሙን ሲዲ ፈልጌ ልጭነው ሞከርኩ። ላፕቶፑ አልቀበልም አለኝ። እንደ ድሮው ዊንዶውስ ሆኖ እንዲያሠራው የሚያደርገውን ምርጫ ነካሁ፤ አሁንም እምቢ። አንድ ከሰዓት ታገልኩና ሰለቸኝ።

"አባዬ፣ ይሄ ጊዜው ያለፈበት ነው። አዲሱን ልመደው" አልኩት።

"እኔ ብለምደው ጣቴ መች ይለምደዋል?"

"ትለምደዋለህ፣ ምን አለበት።"

ዓይኑ ያኔ በጣም ደክሞ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ከብርሃኑ በቀር ብዙም አያይም። ይህ ግን አላሳሰበውም፤ ጥሩ ታይፒስት በጣቱ እንጂ በዓይኑ አይጽፍም ባይ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት፣ ከልደታ ማርያም የቅዳሴው ድምፅ እየመጣ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ቁልፎቹን ሲቀጠቅጥ እሰማው ነበር። ለመደው ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ከፍቼ ሳይ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። አንድም የአማርኛ ቃል የለም።

ማዘን ሲገባኝ ተናደድኩ። ይህን መናገር ያሳፍረኛል።

"አባዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ ምንም አልጻፍክም እኮ! ቆሻሻ ነው!"

"ጽፌያለሁ" አለ።

የመጀመሪያዋን ገጽ አተምኩና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። "ይኸው፣ እየው" አልኩት፤ ማየት ለማይችል ሰው። ወረቀቱን በጣቱ ዳሰሰው፣ አራት ቦታ አጠፈው፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። እኔ ደግሞ ቦታ እንዳይይዝ ብዬ የሦስት ወሩን ጽሑፍ ሁሉ ከላፕቶፑ አጠፋሁት። ከዚያ ቀን ወዲያ ላፕቶፑ አጠገብ አልተቀመጠም። ከወር በኋላ፣ ካልተጠቀመበት ምን ያደርግለታል ብዬ ፎርማት አደረግኩትና ቢሮዬ ወሰድኩት። በዓመቱ አባቴ ሞተ።

ከአርባው በኋላ ሲዲውን፣ ፍላሹንና ላፕቶፑን ይዤ ጌጃ ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ጋ ሄድኩ። "የድሮውን ዊንዶውስ አዲሱ ውስጥ ለብቻው ክፍል እንሰጠዋለን። ፕሮግራሙ የድሮ ቤቱ ያለ ይመስለዋል" አለና ያዘዝነውን ሻይ ሳንጨርስ ጨረሰው። እኔ አንድ ከሰዓት ታግዬ እርግፍ አድርጌ የተውኩትን! የድሮዎቹ ፋይሎች በአማርኛ ተከፈቱ። ቤቴ ወስጄ ሳምንት ሙሉ አነበብኳቸው። ከሠርጉ ዋዜማ ላይ ይቆማሉ።

ልብሱን ለነዳያን ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ ያቺ ወረቀት ወጣች። ልጥላት ብዬ ዓይኔን ጣል ሳደርግ እጄ ቆመ። ዝብርቅርቁ የድሮዎቹ ፋይሎች አዲሱ ላፕቶፕ ላይ የሆኑት ዓይነት ነበር። ያ ቆሻሻ ያልኩት አማርኛ ነበር። ጣቶቹ ሠላሳ ዓመት የለመዱትን ቁልፍ ሲነኩ ከርመዋል፤ ቁልፎቹን ወደ አማርኛ ያልለወጠለት የእኔ ላፕቶፕ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

በድሮው ፕሮግራም ፊት ተቀመጥኩና ወረቀቷ ላይ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ ነካሁ። ስክሪኑ ላይ የአባቴ አማርኛ መጣ። ከሠርጉ ዋዜማ የቀረውን ጨርሶ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦

"ከዚህ በኋላ ስለ ሚስቴ እጽፋለሁ። ልጃችን ሕፃን ስለነበር አያስታውሳትም፤ ስለዚህ ምንም ሳላስቀር እነግረዋለሁ። ዓይኔ ስለማያይ ስህተት አይጠፋም። እሱ ያርመዋል።"

ገጹ እዚህ ላይ ያልቃል።